ወለምታ ነው ወይስ ስብራት? የጡንቻና የመገጣጠሚያ ጉዳቶችን ስለ መለየትና ስለ ማከም

አመሻሽ_ሯጭ (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ቀን በፊት ኳስ ስንጫወት በግንባሬ ለመግጨት ዘልዬ ስወርድ ቀኝ እግሬ በሌላ ተጫዋች ጫማ ላይ አረፈና ወደ ውስጥ ዞሮ ወለም አለኝ። በዚያው ቅጽበት «ቀጭ» የሚል ድምፅ የሰማሁ ይመስለኛል፤ ቢሆንም እያነከስኩ በራሴ እግር ከሜዳው ወጥቻለሁ። ማታውን በውጭ በኩል ባለው የቁርጭምጭሚት ጉብታ ሥር ትልቅ እብጠት ወጣ። ዛሬ ደግሞ ብልዙ ወደ ታች ወርዶ የትንሿን ጣቴን ሥር ስላጠቆረው ጉዳቱ እየተስፋፋ ነው ብዬ ሰግቻለሁ።

አንዱ ጓደኛዬ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፈህ በደንብ አሳሸው ይለኛል፤ ሌላው ሦስት ሳምንት መሬት እንዳትረግጥበት ብሎ አስጠንቅቆኛል፤ ሦስተኛው በረዶ ከያዝክበት በሳምንቱ ትሮጣለህ ይላል። ሦስቱም በራሳቸው ላይ አይተው ስለሚናገሩ ማንን እንደምሰማ ቸግሮኛል። ራጅ መነሣት ይኖርብኝ ይሆን?

ፊዚዮ_በተግባር

ጤና ይስጥልን። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። በአካል ሳላይዎት የጉዳትዎን ስም ልናገር አልችልም፤ ነገር ግን ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለብዎትና እንደሌለብዎት በገዛ ጣትዎ ለማወቅ የሚረዳ መንገድ አለ።

የነገሩን ታሪክ ግማሽ ምርመራ ነው። እግር ወደ ውስጥ ሲዞር የሚወጠረው በውጭ በኩል ያለው ጅማት ሲሆን፣ በዚያ በኩል ካሉት ሦስት ጅማቶች ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ከጉብታው ፊት ለፊት ተነሥቶ ወደ እግር የሚዘልቀው አጭሩ ነው። ስለዚህ ከጉብታው ፊት ለፊት፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለውን ጎድጎድ ያለ ለስላሳ ቦታ በአንድ ጣት ሲነኩት ከሁሉም ይልቅ የሚያምዎት እሱ ከሆነ፣ ታሪኩና ቦታው ተስማምተዋል ማለት ነው።

ስብራትን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳዋ ኦታዋ ከተማ ያሉ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች ያወጡትና እስካሁን በብዙ አገር የሚሠራበት ደንብ አለ። ደንቡ የሚመለከተው ሥጋውን ሳይሆን አጥንቱን ነው። የውጩን ጉብታ ጫፍ፣ ከዚያም ከጫፉ ጀምሮ ወደ ላይ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ድረስ የአጥንቱን የኋላ ጠርዝ ይጫኑ፤ በውስጠኛው ጉብታም ላይ ይህንኑ ይድገሙት። ቀጥሎ በእግርዎ የውጭ ጠርዝ መካከል፣ ከትንሿ ጣት ወደ ተረከዝ ሲመጡ ጎላ ብሎ የሚዳሰሰውን አጥንት፣ በመጨረሻም በውስጥ በኩል ከጉብታው ትንሽ ቀደም ብሎ በእግሩ ቅስት አናት ላይ ያለውን አጥንት ይጫኑ። ከእነዚህ በአንዱ አጥንቱ ራሱ ሲጫኑት ካመመዎት፣ ወይም ጉዳቱ እንደደረሰም ሆነ አሁን አራት እርምጃ መራመድ ካልቻሉ ራጅ ያስፈልግዎታል። ማነከስ መራመድ ነው፤ አራት ጊዜ ክብደትዎን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ካሻገሩ ተራምደዋል።

ደንቡ የተሠራው ስብራት ሾልኮ እንዳያመልጥ ስለሆነ፣ ራጅ ከሚያስነሣቸው ሰዎች አብዛኞቹ አጥንታቸው ደኅና ሆኖ ይገኛል። በስኳር በሽታ ወይም በሌላ ምክንያት እግሩ የደነዘዘ ሰው፣ ጠጥቶ የወደቀ ሰው ወይም ትንሽ ልጅ ግን በዚህ ደንብ ብቻ ሊመዘን አይገባውም። በተለይ ልጆች ላይ የአጥንቱ የማደጊያ ክፍል ከጅማቱ ይልቅ ደካማ ስለሆነ፣ በአዋቂ ላይ ወለምታ የሚሆነው አደጋ በልጅ ላይ የማደጊያውን ክፍል ሊሰብር ይችላል።

ብልዙ ወደ ጣትዎ መውረዱ አያስደንግጥዎት። ከተበጠሰው ቦታ የፈሰሰ ደም በስበት ወደ ታች ወርዶ ነው። ድምፁም ብቻውን የስብራት ምልክት አይደለም፤ ጅማት ሲበጠስም ይጮኻል።

አመሻሽ_ሯጭ

እጅግ አመሰግናለሁ። ተቀምጬ አንድ በአንድ ጫንኩት። የአጥንቶቹ የኋላ ጠርዝ፣ የውጩ ጠርዝ መካከልና የቅስቱ አናት ምንም አላሉኝም። ያ ጎድጎድ ያለው ለስላሳ ቦታ ላይ ግን ገና ጣቴን ሳሳርፍ እግሬን ሳላስበው ሰበሰብኩት። እርምጃውንም እየተቸገርኩ እሄዳለሁ። ታዲያ ሦስት ሳምንት ልተኛ ወይስ ልነሣ?

ዝምታ_ወርቅ

እኔ የታመመ አካል ማረፍ አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ። የተቀደደ ልብስ እየጎተቱ ይሰፋል ወይ? በረዶ፣ ፋሻ፣ ከፍ አድርጎ መስቀልና ዕረፍት ለዘመናት ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው፤ አሁን ደግሞ ሁሉ ነገር ተገለበጠ ይሉናል።

ጠቅላላ_ሐኪም

ወዳጄ ዝምታ ወርቅ፣ የልብሱ ምሳሌ ጥሩ ነው፤ የሚሰናከለው ግን ልብስ ራሱን በራሱ የማይሸምን መሆኑ ላይ ነው።

ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሠርና ከፍ ማድረግ የሚለውን አራት ቃል በአንድ ላይ ያስተዋወቀው ጌብ ሚርኪን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ሲሆን ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1978 ነው፤ ስለዚህ «ለዘመናት» የሚያሰኝ ዕድሜ የለውም። ሚርኪን ራሱም እ.ኤ.አ. በ2014 በረዶና ሙሉ ዕረፍት ፈውስን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጽፎ የቀድሞ ምክሩን አሻሽሏል። እኔ በበኩሌ በረዶን አልከለክልም። በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ቢያዝ ሕመም ያደነዝዛል፤ ከዚያ ያለፈ ጥቅም ግን ልንጠብቅበት አይገባም፤ በቀጥታ ቆዳ ላይ ከተደረገም ያቃጥላል።

ትልቁ ለውጥ ስለ ዕረፍት ያለን ግንዛቤ ላይ ነው። የተጎዳ ጅማት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፤ እብጠቱም የጽዳት ሥራ ነው። ከዚያ ለተወሰኑ ሳምንታት አዲስ የጅማት ክር ይፈተላል፤ ይህ ክር ግን ሲፈተል ዝርክርክ ነው፣ አቅጣጫ የለውም። ክሩ በየትኛው አቅጣጫ መደርደር እንዳለበት የሚነግረው በላዩ ላይ የሚያልፈው ጭነት ነው። ሳይጫን የከረመ ጅማት ይድናል፣ ግን እንደ ተወሳሰበ ድር ሆኖ ይድናልና ሲጎተት ይበጠሳል። ለወራት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ዓመት የሚቆየው የመጨረሻው የማጠንከር ደረጃም እንዲሁ በጭነት የሚመራ ነው። ለዚህ ነው ከእ.ኤ.አ. 2012 ወዲህ «ዕረፍት» የሚለው ቃል በብዙ የሕክምና ምክሮች ውስጥ «ተመጣጣኝ ጭነት» በሚል የተተካው።

ለአመሻሽ ሯጭ መልሴ እንግዲህ፣ አይተኙም፣ ነገር ግን አይሮጡም። ዛሬና ነገ የሚለጠጥ ፋሻ ከጣቶች ሥር ጀምረው ወደ ላይ ያስሩ፤ ጣቶችዎ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ አጥብቀዋልና ይፍቱት። ሲቀመጡ እግርዎን ከፍ አድርገው፣ በትልቁ ጣትዎ አየር ላይ ከሀ እስከ ፐ ፊደል ይጻፉ። ሕመሙ ከዐሥር ሦስት የማያልፍ ከሆነና በማግሥቱ ጠዋት ካልባሰ መጠኑ ትክክል ነበር፤ ከባሰ በሚቀጥለው ቀን በግማሽ ይቀንሱ። ክራንች ቢያስፈልግዎት እንኳ እግርዎን አየር ላይ አንጠልጥለው ሳይሆን መሬት አስነክተው፣ ከተረከዝ ወደ ጣት እያስኬዱ ይጠቀሙበት።

ሙቅ ውኃውንና መታሸቱን ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይተዉት። ይህ ለቁርጭምጭሚት ብቻ የምለው አይደለም። ጭኑን በኃይል የተመታ ሰው ያበጠውን ጡንቻ ቶሎ ካስሞቀውና ካሳሸው ደም መፍሰሱ ይብሳል፤ አንዳንዴም በጡንቻው ውስጥ የፈሰሰው ደም ከሳምንታት በኋላ ወደ አጥንትነት ይለወጣል። ለሦስት ሳምንት ያልለሰለሰና ጉልበት ማጠፍ የከለከለ የጭን እብጠት ካለ፣ ራጅ ላይ በጡንቻው መካከል አጥንት ሊታይ ይችላል።

መቶ_ሜትር

ክሩን ልጠልፍ እንዳይመስልብኝ እንጂ የእኔም ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። በአራት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ በሙሉ ፍጥነት ስሮጥ የጭኔ የኋላ ጡንቻ በጩቤ የተወጋ ያህል ተሰማኝ። ሁለቱንም ጊዜ ሕመሙ በዐሥር ቀን ስለጠፋ ተመለስኩ። ጅማቴ ነው ወይስ ጡንቻዬ? ለምንስ ይመላለስብኛል?

ፊዚዮ_በተግባር

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ትንሽ ያሳስተናል። አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውንም፣ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም «ጅማት» እንላቸዋለን፤ አንዳንዱ ሰው ደግሞ የደም ሥሩንም ይጨምርበታል። «ጅማቴ ተጎዳ» የሚል ሰው ሲመጣ ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የቱ?» ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ ሌላ ሰው እግርዎን ይዞ ሲያንቀሳቅስልዎት፣ እርስዎ ምንም ጉልበት ሳያወጡ፣ መገጣጠሚያው በአንድ አቅጣጫ ሲወጠር ካመመ የምንጠረጥረው የመገጣጠሚያውን ጅማት ነው። መገጣጠሚያው ሳይነቃነቅ እርስዎ ሲገፉ ሌላው ሰው ቢከላከልና ያ ግፊት ካሳመመዎት ደግሞ ችግሩ ያለው በጡንቻው ወይም ጡንቻውን ከአጥንት በሚያያይዘው ጅማት ላይ ነው።

የእርስዎ ታሪክ የጡንቻ መሰንጠቅ ነው። በማግሥቱ የሚጀምር፣ በሁለቱም እግር የሚሰማና ከ24 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ የሚብስ ድብን ያለ ሕመም ቢሆን ኖሮ ካልለመዱት ሥራ የመጣ መዛል ነው እልዎት ነበር፤ ጡንቻው ተኮማትሮ ሲያፍታቱት ወዲያው የሚለቅ ቢሆን ደግሞ ሽምቅቅ ነው። በሩጫ መካከል በአንድ ነጥብ ላይ የሚወጋና ሩጫውን በዚያው የሚያስቆም ግን የክር መበጠስ ነው። ጥቂት ክሮች ብቻ ከተበጠሱ መራመድ ይቻላል፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንትም ይበቃል፤ ብዙ ከተበጠሱ ያስነክሳል፣ ብልዝ ይወጣል፣ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይወስዳል፤ ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ ጣት የሚያስገባ ጎድጓዳ ይዳሰሳልና ያ የቀዶ ሐኪም ጉዳይ ነው።

የሚመላለስብዎት ሕመም ከጥንካሬ ቀድሞ ስለሚጠፋ ነው። ይህ ጡንቻ በሩጫ ላይ በጣም የሚጨነቀው መሬት ሲገፋ አይደለም፤ እግር ወደ ፊት ተወርውሮ መሬት ሊረግጥ ጥቂት ሲቀረው፣ እየተለጠጠ ቅልጥሙን ሲያቆም ነው። መለማመድ ያለበትም እየተለጠጠ መሸከምን ነው። በጉልበትዎ ለስላሳ ነገር ላይ ይንበርከኩ፤ አንድ ሰው ሁለት ቁርጭምጭሚትዎን አጥብቆ ይያዝልዎት፤ ከጉልበት እስከ ራስዎ እንደ አንድ ሳንቃ ቀጥ ብለው ወደ ፊት በዝግታ ይውረዱ፤ መቆጣጠር ሲያቅትዎት በእጅዎ መሬቱን ይቀበሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ዙር፣ በዙር አምስት ጊዜ ከበቂ በላይ ነው። በማግሥቱ መዛልዎ አይቀርም። ይህ ግን ሕመሙ ገና ትኩስ እያለ የሚጀመር አይደለም፤ ያለ ሕመም በፍጥነት መራመድና መጠነኛ ሶምሶማ መሮጥ ከቻሉ በኋላ ነው።

የድሮ_በረኛ

ከኋላዬ በእግር የተመታሁ መስሎኝ ዞር ስል ሰው አልነበረም። የተረከዝ ጅማቴ ነበር የተበጠሰው። ጣቶቼን ማንቀሳቀስ ስለቻልኩና መራመድም ስላላቃተኝ ወለምታ ነው ተብዬ ሁለት ሳምንት ባከነ። እንዲህ የተሰማው ሰው ካለ ባቱን ያስመርምር።

ጠቅላላ_ሐኪም

የድሮ በረኛ ያነሣው ነገር ሊያመልጠን አይገባም። የተረከዝ ጅማት መበጠሱን የሚያሳየው ምርመራ ሰውየውን በደረቱ አስተኝቶ እግሩን ከአልጋው ጫፍ አሳልፎ ማንጠልጠልና ባቱን በእጅ ጨመቅ ማድረግ ነው። ጅማቱ ደኅና ከሆነ የእግሩ ጣቶች ወደ ታች ይጠቁማሉ፤ ተበጥሶ ከሆነ እግሩ ዝም ይላል። ከሌላኛው እግር ጋር ማነጻጸር ነው እንጂ ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም። ሲፕሮፍሎክሳሲንና የዚሁ ቤተሰብ የሆኑ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ይህን ጅማት እንደሚያዳክሙ የታወቀ ነው፤ መድኃኒቱን እየወሰደ ተረከዙ ላይ ሕመም የጀመረው ሰው ስፖርቱን አቁሞ ላዘዘለት ሐኪም ይናገር።

ሳይበጠስ ጠዋት ጠዋት ድርቅ እያለ ለወራት የሚያም የተረከዝ ጅማት ግን ሌላ ነገር ነው። ለእሱ እ.ኤ.አ. በ1998 ሃካን አልፍሬድሰን የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም ያቀረበው መንገድ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፦ በደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶች ቆሞ ተረከዝን በዝግታ ከደረጃው በታች ማውረድ፣ በደኅናው እግር መነሣት፣ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንታት። አሰልቺ ነው፤ ታካሚዎቼ የሚያቋርጡትም ስለሚያም ሳይሆን ስለሚሰለች ነው።

እጄን_ያየ

ራጅ ንጹሕ ነው ስለተባለ ብቻ ተረጋግቶ መቀመጥ እንዴት እንደሚጎዳ እኔ ልመስክር። ወደ ፊት ስወድቅ በተዘረጋ መዳፌ ተደገፍኩ። የእጅ አንጓዬ ብዙም አላበጠም። ራጅ ተነሣሁ፣ ምንም የለም ተባልኩ፣ ማስታገሻ ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከአራት ወር በኋላ በር መግፋት ሲያቅተኝ እንደገና ስመረመር ከአውራ ጣት ሥር ያለችው ትንሽ አጥንት ተሰብራ፣ ሳትገጥም ቀርታ ተገኘች። በቀዶ ሕክምና በብሎን ተያያዘችልኝ።

ራጅ_ክፍል

እጄን ያየ ስለደረሰብዎት አዝናለሁ፤ ታሪክዎ ግን በሙያችን ደጋግመን የምናየው ነው። አውራ ጣትን ወደ ላይ ቀጥ ሲያደርጉ ከሥሩ በሁለት ጅማቶች መካከል ትንሽ ጎድጓዳ ትፈጠራለች። በተዘረጋ እጅ የወደቀ ሰው እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ሲጫኑት ካመመው፣ የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ቢሆንም ስብራት እንዳለ ተቆጥሮ እጁ ይታሠርና ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ራጁ ይደገማል፣ ወይም ከተቻለ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚሠራ የውስጥ አካል ምስል) ይነሣል። አጥንቷ ደም የምታገኘው ከሩቅ ጫፏ በኩል ስለሆነ፣ ወገቧ ላይ ከተሰበረች ወደ ክንድ የሚቀርበው ክፍሏ ደም ተቋርጦበት ሊሞት ይችላል።

ተቃራኒውን ስሕተት ደግሞ ልጨምር። ኤምአርአይ የሚያሳየው ሁሉ የሕመሙ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ ያጠናቀረ አንድ ግምገማ ምንም የወገብ ሕመም ከሌላቸው ሰዎች መካከል የአከርካሪ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ማርጀት የሚታይባቸው በ20 ዓመት ዕድሜ 37 በመቶ፣ በ80 ዓመት ዕድሜ 96 በመቶ መሆናቸውን አግኝቷል። «ዲስክህ አርጅቷል» የሚል ወረቀት የያዘ የሠላሳ ዓመት ሰው መንቀሳቀስ ፈርቶ አልጋ ላይ ሲውል ሳይ፣ ምስሉን ባላነሣነው ኖሮ እላለሁ። ሕመሙና ምስሉ የሚስማሙት የሰውየው ታሪክና የሐኪሙ እጅ ሲያስማማቸው ነው።

ማለዳ_52

ዕድሜዬ 52 ነው። ሳልወድቅ ሳልመታ ግራ ትከሻዬ ከሦስት ወር ወዲህ ያመኛል፤ ሌሊት በእሱ በኩል መተኛት አልችልም፣ ጸጉሬን ለማሠር እጄ አይደርስም። ስኳርም አለብኝ። አሠልጣኙ ክብደት አንሺበት ይለኛል፣ ግን ሳነሣ ይብስብኛል። ይቅርታ፣ እንደ ሌሎቹ የስፖርት ጉዳት አይደለም።

ፊዚዮ_በተግባር

ይቅርታ አያስፈልግም እመቤቴ፤ ጥያቄዎ እዚሁ ቦታው ነው። አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። ክርንዎን ከጎንዎ አጣብቀው፣ ክንድዎን ወደ ፊት በማዕዘን ያድርጉና ሌላ ሰው መዳፍዎን ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ይግፋልዎት። በደኅናው ትከሻም ይድገመው።

ማለዳ_52

ባለቤቴ ሞከረው። ቀኙ እንደ በር ይከፈታል። ግራው ትንሽ ሄዶ ግድግዳ የገጠመው ያህል ይቆማል፤ እሱ ቢገፋውም አልሄደም።

ፊዚዮ_በተግባር

እንግዲያው ነገሩ የድካም ሳይሆን የመድረቅ ይመስላል። የትከሻ ጅማት ብቻ የታመመበት ሰው እጁን በራሱ ሲያነሣ፣ በተለይ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ከፍታ ላይ ያመዋል፤ ሌላ ሰው ሲያነሣለት ግን መገጣጠሚያው ይሄዳል። የእርስዎ የማይሄደው መገጣጠሚያውን የሸፈነው ከረጢት ራሱ ወፍሮና ተኮማትሮ ሊሆን ይችላል። ይህ ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ፣ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች፣ ስኳር ባለባቸው ደግሞ ይበልጥ ይታያል። በመጀመሪያ ሕመሙ ያይላል፣ ቀጥሎ ድርቀቱ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ይለቃል፤ በጠቅላላው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሊወስድ ይችላል። አሁን ባሉበት ደረጃ ክብደት ማንሣት ያናድደዋል። መገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙን ያበርዳል፤ ሆኖም ለጥቂት ቀናት ስኳር ከፍ ስለሚያደርግ ለሚከታተልዎት ሐኪም አስቀድመው ይንገሩ። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ነገር እንዳይኖር ትከሻዎን ራጅ ያስነሡት።

ዝምታ_ወርቅ

ስለ ጉልበትም አንድ ሰው ቢናገር? ኳስ የሚጫወቱ ሁሉ የሚፈሩት እሱን ነው።

ጠቅላላ_ሐኪም

ባጭሩ፣ ሰዓቱን ይጠይቁ። እግር መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነት ሲዞር የጮኸና በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደ ኳስ ያበጠ ጉልበት ውስጡ ደም ሞልቶት ነው፤ ተጠርጣሪውም በጉልበቱ ውስጥ የጭንና የቅልጥም አጥንትን የሚያያይዘው የፊተኛው ተሻጋሪ ጅማት ነው። በማግሥቱ ቀስ ብሎ ያበጠ፣ በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ሲነኩት የሚያምና አልፎ አልፎ ተቆልፎ አልዘረጋም የሚል ጉልበት ግን አብዛኛውን ጊዜ የልም አጥንቱ ትራስ መቀደድ ነው። ማጠፍ እስከ 90 ዲግሪ ያቃተው፣ የጉልበት ሎሚው ራሱ ሲጫኑት የሚያመው፣ ወይም ዕድሜው 55 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ጉልበቱን ከመታ ራጅ ይነሣ።

ተረኛ_ነርስ

ሁላችሁም ስለ ወለምታ ስትነጋገሩ እኔ የምሠራበት ክፍል ግን ወለምታ መስለው የሚመጡ ሌሎች ነገሮችን ያያልና እነሱን ልጥቀስ። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ሳይመታ ቀልቶ፣ ግሎ፣ አብጦ፣ ከትኩሳት ጋር ከመጣ ሪህ ነው ብሎ ማደር አይገባም፤ መግል የያዘ መገጣጠሚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ልም አጥንቱን ይበላዋል። ከረዥም ጉዞ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንዱ ባት ብቻ ቢያብጥና ቢያም የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሳይታይ አይታሽ። ከተሰበረ ወይም በኃይል ከተመታ በኋላ እንደ ድንጋይ የተወጠረ፣ ማስታገሻ የማይነካው፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ሲዘረጋቸው የሚያስጮኽ ክንድ ወይም ቅልጥም በሰዓታት ውስጥ መከፈት ያለበት ሊሆን ይችላል። የወገብ ሕመም ያለበት ሰውም በብሽሽቱና በመቀመጫው መካከል ከደነዘዘው፣ ሽንቱ ከቆመበት ወይም ካመለጠው፣ በዚያው ሌሊት ይምጣ። የወለቀ ትከሻን ደግሞ ሜዳ ላይ ጎትቶ ለመመለስ መሞከር ነርቭና አጥንት ያበላሻል፤ እጁን እንዳለ ደግፋችሁ አምጡት።

ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ከሰው ኪስ የማይጠፉ ሆነዋል። የጨጓራ ቁስል፣ የኩላሊት ሕመም ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት ሰው በአፍ ከመውሰዱ በፊት ይጠይቅ። ለትኩስ ወለምታ በቆዳ ላይ የሚቀባው ዲክሎፌናክ ጥሩ ይሠራል፤ ወደ ደም የሚገባውም ጥቂት ነው።

አመሻሽ_ሯጭ

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ፊደሉን ጽፌ ጽፌ ሳይሰለቸኝ አልቀረም። በአምስተኛው ቀን ያለ ክራንች፣ በሁለተኛው ሳምንት ያለ ማነከስ ተራመድኩ፤ ከዚያ በኋላ በግድግዳ ተደግፌ ተረከዜን እያነሣሁ ነው። ማታ ማታ ትንሽ ያብጣል፣ ጠዋት ይጠፋል። ሕመም የለኝም ማለት እችላለሁ፤ ለቅዳሜ ጨዋታ ጠርተውኛል። ልግባ?

ፊዚዮ_በተግባር

እንኳን ደስ ያለዎት፤ ነገር ግን ሕመም አለመኖሩን አልጠየቅኩም። የተጎዳ ጅማት ከጥንካሬው በተጨማሪ እግሩ ያለበትን አቋም ለአንጎል የመንገር ሥራውንም ያጣል፤ ብዙዎች በዚያው እግር ለሁለተኛ ጊዜ ወለም የሚላቸው ለዚህ ነው። አራት ነገር ይለኩና ይንገሩኝ፦ ግድግዳ ፊት ቆመው ተረከዝዎ ሳይነሣ ጉልበትዎ ግድግዳውን እንዲነካ እግርዎን ምን ያህል ማራቅ ይችላሉ? በአንድ እግር ተረከዝዎን ስንት ጊዜ ያነሣሉ? በአንድ እግር ዘልለው ምን ያህል ይርቃሉ? ዓይንዎን ጨፍነው በአንድ እግር ለስንት ሰከንድ ይቆማሉ? ሁሉንም በግራም በቀኝም ይለኩ። የቀኙ ከግራው ዘጠና በመቶ ካልደረሰ ቅዳሜ ተመልካች ይሁኑ።

አመሻሽ_ሯጭ

ለካሁ። ግድግዳው፦ ግራ 11 ሴንቲ ሜትር፣ ቀኝ 9። ተረከዝ ማንሣት፦ ግራ 25፣ ቀኝ 21። ዝላይ፦ ግራ 1 ሜትር ከ50፣ ቀኝ 1 ሜትር ከ35። ዓይን ጨፍኖ መቆም፦ ግራ 28 ሰከንድ፣ ቀኝ 7። ሰባተኛው ሰከንድ ላይ የመጽሐፍ መደርደሪያውን ይዤ ነው የተረፍኩት።

ፊዚዮ_በተግባር

ዝላይዎ ደርሷል፤ ግድግዳውና ተረከዙ ትንሽ ይቀራቸዋል፤ ሰባቱ ሰከንድ ግን ገና ነው። ጥርስዎን ሲቦርሹ ጠዋት በቀኝ እግር፣ ማታም በቀኝ እግር ይቁሙ፤ መጀመሪያ ዓይንዎን ገልጠው፣ ከሳምንት በኋላ ጨፍነው፣ ከመታጠቢያው ጠርዝ ብዙም ሳይርቁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁሉንም ቁጥሮች ይላኩልኝ።

አመሻሽ_ሯጭ

እሺ። የቅዳሜውን ግጥሚያ የማየው ከዳር ቆሜ ነው፤ በቀኝ እግሬ።